በማሳ አፈር ውስጥ ያለ ደቃቅ ፕላስቲክ፦ ለቅሞ፣ አንሳፎ፣ ቆጥሮ ምንጩን ማግኘት

ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ የፕላስቲክ ቁራጭ ሁሉ ደቃቅ ፕላስቲክ ወይም ማይክሮፕላስቲክ ይባላል። ማሳ ላይ ከሚገኘው ብዙው ሲመረት እንዲህ አልነበረም። ፌስታል፣ የማዳበሪያ ከረጢት፣ የችግኝ ላስቲክ ወይም የጠብታ መስኖ ቱቦ ሆኖ ገብቶ ፀሐይ አድርቆት፣ ማረሻና ዶማ ሰባብሮት ነው የደቀቀው። አንዴ ከደቀቀ ደግሞ ከማሳ ላይ ለቅሞ የሚያወጣው መሣሪያ የለም። ስለዚህ አፈር የሚመረመረው ለማጽዳት ሳይሆን ፕላስቲኩ በየት በኩል እንደሚገባ ለይቶ ያንን በር ለመዝጋት ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ለግብርና ባለሙያ፣ ለአትክልት አምራች ማኅበር፣ ለትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ የሚሆን ነው። ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል።

ጉዳቱ ምኑ ላይ ነው?

«አፈሩ ተመርዟል» ብሎ በጅምላ መናገር አያዋጣም፤ ጉዳቱ እንደ ፕላስቲኩ ዓይነት፣ ቅርጽና ብዛት ይለያያል። ስስ ላስቲክ አፈር ውስጥ ሲደራረብ ውሃ የሚሰርግበትን መንገድ ይዘጋል፤ ሥርንም ያግዳል። በቻይና ሺንጂያንግ የጥጥ ማሳዎች ስስ የላስቲክ ጉዝጓዝ ለብዙ ዓመታት ሳይነሳ አብሮ በመታረሱ ችግሩ በግልጽ ታይቷል። ከልብስ የሚወጣው የፖሊስተር ክር ጠባዩ ሌላ ነው፤ አፈሩን ያሳሳዋል፣ የአፈሩ እንክብሎችም ውሃ ሲነካቸው ቶሎ እንዲፈርሱ ያደርጋል። የመሬት ትሎች ብዙ ፖሊኢትሊን የተቀላቀለበት ምግብ ሲሰጣቸው እድገታቸው ይቀንሳል፣ የሚሞቱትም ይበዛሉ፤ ቅንጣቱንም በቆፈሩት ጉድጓድ ይዘው ወደ ታች ያወርዱታል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የቤተ ሙከራ ጥናት ከሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ የሚያንሱ ቅንጣቶች የጎን ሥር ብቅ በሚልበት ስንጥቅ በኩል ስንዴና ሰላጣ ውስጥ መግባት እንደሚችሉ አሳይቷል። እዚህ በምናየው መንገድ እንዲህ ያለውን ቅንጣት ማየት አይቻልም።

በእኛ አገር ቀድሞ የሚታየው ጉዳት ደግሞ ከብት ላይ ነው። ቃርሚያ ላይ የተለቀቀች ላም ከገለባው ጋር ፌስታል ትበላለች፤ ጨጓራዋ ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀመጥና ሳትጠግብ ጠግባ ትከሳለች።

መጀመሪያ በዓይን የሚታየውን ይመዝኑ

ብዙ ሰው ይህን ዘልሎ ወደ ማይክሮስኮፕ ይሮጣል። የነገው ደቃቅ ፕላስቲክ ግን የዛሬው ትልቁ ቁራጭ ነው፤ ሊለቀም የሚችለውም እሱ ብቻ ነው። ከመጀመሪያው እርሻ በኋላ አንድ ደህና ዝናብ ሲጥል ላዩ ላይ ያለው አፈር ይታጠብና ቁርጥራጩ ብቅ ይላል፤ ለቅሚያ ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም።

10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ቦታ በገመድ ይከልሉ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን በዝግታ እየሄደ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነውን ሁሉ ይልቀም፤ ከዚያ በተቃራኒው አቅጣጫ አንድ ጊዜ ይደገም። የተለቀመውን ያጥቡ፣ ያድርቁ፣ ይመዝኑ። ሳይታጠብ ከተመዘነ የሚነግርዎት የጭቃውን ክብደት ነው። 100 ካሬ ሜትር የሄክታር አንድ መቶኛ ስለሆነ 85 ግራም ከተገኘ በሄክታር 8.5 ኪሎ ማለት ነው። ለአንድ ሄክታር ቢያንስ ሦስት ቦታ ይውሰዱ፤ ከመንገድ ዳር፣ ከመሃል፣ ከመስኖ ቦዩ አፍ።

የአፈር ናሙና አወሳሰድ

የፕላስቲክ ባልዲ፣ የፕላስቲክ መጥረጊያና ፌስታል እዚህ ሥራ ላይ አይገቡም። የብረት አካፋ፣ የብረት ትሪ፣ ክዳኑ ብረት የሆነ ብልቃጥ ወይም አሉሚኒየም ፎይል ይበቃል። ልብስ ላይም ይጠንቀቁ፤ የአክሪሊክ ሹራብና ፍሊስ ጃኬት ክር ያረግፋሉ። ነጭ የጥጥ ጋዎን ይልበሱ። ጋቢ ለብሶ የመጣ ሰው በዚህ ሥራ ላይ ከጃኬት ለባሹ ይሻላል፤ ከጋቢው የሚረግፈው ጥጥ ስለሆነ ከታች በምናየው የጋለ መርፌ ፈተና ይለያል።

በማሳው ላይ እየተጠማዘዙ 10 ቦታ ይምረጡ። እያንዳንዱ ጋ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቆፍረው ከጉድጓዱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች እኩል ውፍረት ያለው ቁራጭ ይቁረጡ፤ 200 ግራም ያህል። ከላይ ብቻ መዛቅ ቁጥሩን ያዛባል። አሥሩን ትሪ ላይ በደንብ ያዋህዱ፣ በመስቀል አራት ቦታ ከፍለው ትይዩ የሆኑትን ሁለቱን ይጣሉ፣ የቀረውን እንደገና ቀላቅለው እንደዚያው ያድርጉ፤ 500 ግራም ገደማ ይቀርዎታል። አውድማ፣ ማዳበሪያ የሚከፈትበት ጥግና የእግር መንገድ ከማሳው ጋር አይቀላቀሉም። ለየብቻ ይወሰዱ፤ ብዙ ጊዜ መልሱ የሚገኘውም እዚያ ነው።

አፈሩ ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ባለ ምድጃ ወይም ጥላ ውስጥ በወረቀት ተሸፍኖ ይድረቅ። መረሬ ወይም ዋልካ አፈር ከሆነ ሙሉ በሙሉ ከመድረቁ በፊት፣ ገና ለጣት ሲገዛ፣ በእጅ ይፈርፈር። ከደረቀ ድንጋይ ይሆናል፤ ያኔ ሙቀጫ ያምርዎታል። በሙቀጫ መውቀጥ አንዱን ቁራጭ አሥር ያደርገዋል፣ ቆጠራውም ከዚያ በኋላ ዋጋ የለውም። የጠጠረ ጓል ካለ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ይደር፤ በራሱ ይፈርሳል። በመጨረሻ በ5 ሚሊ ሜትር የብረት ወንፊት ይነፋ፤ ላዩ ላይ የቀረ ፕላስቲክ ከለቅሚያው ጋር ይመዝገብ።

ጨው ውሃ፣ የሚያንሳፍፈውና የማያንሳፍፈው

ዘዴው የክብደት ልዩነት ነው። አንድ ሊትር የአፈር ማዕድን 2.65 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ፖሊፕሮፒሊን (የማዳበሪያ ከረጢት) 0.9፣ ፖሊኢትሊን (ፌስታል፣ ጀሪካን) ከ0.91 እስከ 0.97፣ ናይለን 1.14 ገደማ ነው። በጨው የጠገበ ውሃ 1.2 ይደርሳል፤ ስለዚህ እነዚህ ሁሉ ይንሳፈፋሉ፣ አፈሩ ይዘቅጣል። ፔት፣ ማለትም የውሃ ፕላስቲክ ወይም «ሃይላንድ» እና የፖሊስተር ክር፣ 1.38 ገደማ ነው፤ ጠንካራ ፒቪሲ ቧንቧም እንደዚያው። እነሱ በጨው ውሃ ከአፈሩ ጋር አብረው ይዘቅጣሉ። በዝናብ የሚለማ የእህል ማሳ ከሆነ ጨው ይበቃል፤ እዚያ የሚጠበቀው ከረጢትና ፌስታል ነው። እንደ አቃቂ ወንዝ የከተማ እጣቢ በሚገባበት ውሃ የሚጠጣ የጎመንና የቆስጣ ማሳ ከሆነ ግን በጨው ብቻ የተገኘ ቁጥር የልብስ ክሩን አያካትትም፤ ውጤቱ ላይ ይህ ይጻፍ። ዚንክ ክሎራይድ ከ1.5 በላይ ስለሚደርስ ፔትንም ያንሳፍፋል፤ ነገር ግን ቆዳ ይበላል፣ ለውሃ ውስጥ ሕይወትም መርዝ ነው። አስተማማኝ የኬሚካል አወጋገድ የሌለው ቤተ ሙከራ ባይነካው ይመረጣል።

ለ1 ሊትር ውሃ 360 ግራም ጨው ያስፈልጋል። ለብ ባለ ውሃ ያሟሙትና እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፤ ታች ትንሽ ያልሟሟ ጨው ከቀረ ጠግቧል። ማረጋገጫው ሚዛን ነው፤ 100 ሚሊ ሊትሩ 120 ግራም ያህል ሊመዝን ይገባል። 112 ወይም 113 ላይ ከቆመ ጨው ይጎድለዋል፤ ናይለኑ ታች ይቀርብዎታል። ከዚያ ውሃው በማጣሪያ ወረቀት ይጣራ። የገበያ ጨው ራሱ አሸዋም የከረጢት ክርም ስለሚኖረው ሳይጣራ ከተጠቀሙበት የጨው ነጋዴውን ፕላስቲክ በገበሬው ማሳ ላይ ይቆጥሩታል።

50 ግራም የደረቀ አፈር በ500 ሚሊ ሊትር ቢከር ያድርጉ፤ ጨው ውሃውን ከአፉ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል እስኪጎድል ይሙሉ፤ በብረት ማንኪያ ለ2 ደቂቃ በኃይል ያማስሉ። ማንኪያውንና የቢከሩን ግድግዳ በዚያው ጨው ውሃ አጥበው ወደ ውስጥ ይመልሱ። ስስ ላስቲክ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይወዳል፤ የብዙ ሰው ቆጠራ የሚጎድለው እዚህ ላይ ነው። በፎይል ይክደኑና አሸዋማ አፈር 2 ሰዓት፣ መረሬ ሌሊቱን ሙሉ ይቀመጥ።

በማግስቱ ቢከሩን ሳያነቃንቁ ሰፊ የብረት ሳህን ውስጥ ያስቀምጡ። ንጹሕ ጨው ውሃ በጎኑ፣ በጣም ቀስ አድርገው፣ ላዩ ሞልቶ እስኪፈስ ይጨምሩ። የተንሳፈፈው ሁሉ ከላይ እየተንሸራተተ ወደ ሳህኑ ይወርዳል። በማንኪያ መቅዳት አያስፈልግም፤ ማንኪያ ሲገባ ላዩ ይበጠበጥና ግማሹ ወደ ታች ይመለሳል። ይህን ማማሰል፣ ማስቀመጥና ማፍሰስ ሦስት ጊዜ ይድገሙት። የፈሰሰውን በ0.3 ሚሊ ሜትር የብረት ወንፊት ያጥልሉ፣ በተጣራ ንጹሕ ውሃም በደንብ ያለቅልቁት። ካልታጠበ ሲደርቅ የጨው ቅንጣት ነጭ ፕላስቲክ መስሎ ያሞኛል። የተጣራው ጨው ውሃ ተመልሶ ይጠቅማል፤ ሲያበቃም ማሳ ላይ አይደፋ።

እብቁን ማቃጠል ያለ እሳት

ከፕላስቲኩ ጋር እብቅ፣ የሥር ክር፣ የነፍሳት ክንፍና ከሰል ይንሳፈፋል። ትንሽ ከሆነ በወረንጦ ይለቀማል። ብዙ ከሆነ፣ በተለይ ብስባሽ ወይም ፍግ የተደረገበት አፈር ላይ፣ 30 ከመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 20 ሚሊ ሊትር ይጨመርበትና በ50 ዲግሪ ለ24 ሰዓት ይቀመጥ። ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ግድ ነው። ክዳኑ አይጥበቅ፤ ጋዝ ስለሚያወጣ የታሸገ ጠርሙስ ይፈነዳል። ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ አይለፍ፤ ከዚያ በላይ አንዳንዱ ፕላስቲክ መጠምዘዝ ይጀምራል። የመድኃኒት ቤቱ 3 ከመቶ ለዚህ በጣም ደካማ ነው። በረኪና ቀለሙን አጥቦ ናይለንን ይጎዳል፤ ቀለም ደግሞ ምንጩን የሚነግረን ዋናው ምስክር ነው። ትኩስ ኮስቲክ ሶዳ ፖሊስተርንና ፔትን ይበላል። ሁለቱንም ይተዉ።

ፕላስቲክ ነው ወይስ እብቅ?

ከ20 እስከ 40 ጊዜ የሚያጎላ ማይክሮስኮፕ ይበቃል። ባለ 10 አጉሊ መነጽር ብቻ ካለ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነውን ብቻ ይቁጠሩና እንደዚያ ብለው ይጻፉ። የጤፍ እብቅ ጀርባው ላይ ቀጭን መስመርና የሕዋስ ክፍልፋይ ይታይበታል፤ ላስቲክ ምንም የለበትም። የጥጥ ክር ጠፍጣፋና የተጠማዘዘ ነው፤ የፖሊስተር ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ውፍረት አለው። ጥቁር ነገር ሲያጋጥም በወረንጦ ጫፍ ይጫኑት፤ ከሰል ዱቄት ይሆናል፣ የችግኝ ላስቲክ ግን ይታጠፋል እንጂ አይፈርስም።

የሚያጠራጥረውን በመርፌ ይፈትኑ። የልብስ መርፌ በእንጨት እጀታ ላይ ሰክተው ጫፉን በኩራዝ ወይም በክብሪት እስኪቀላ ያግሉትና በማይክሮስኮፕ እያዩ ወደ ቁራጩ ያስጠጉ። ፕላስቲክ ከመነካቱ በፊት ይሸበሸባል፣ ሲነካ ቀልጦ ጫፉ ላይ ይለጠፋል። እብቅና ሥር ይጠቁራሉ፣ አይቀልጡም። መርፌው በየቁራጩ ይጠረግ፤ አለዚያ ከቀደመው ቀልጦ የተለጠፈው ቀጣዩን ፕላስቲክ ያስመስለዋል።

ከእያንዳንዱ ማሳ ሦስት ጊዜ 50 ግራም ይሠራ። ከነሱ ጋር አንድ ባዶ ሙከራ፣ ማለትም አፈር የሌለበት ነገር ግን እያንዳንዱን ደረጃ ያለፈ፣ ጎን ለጎን ይሂድ። ከቢጫ ጀሪካን ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሆኑ 20 ቁራጮች ቆርጠው በአንድ ተጨማሪ ናሙና ውስጥ ቀላቅለው ስንቱ እንደሚመለስ ይዩ፤ ከ16 በታች ከሆነ አፈሳሰሱ ወይም አለቃለቁ ላይ ችግር አለ።

ሒሳቡ ይህን ይመስላል፦ በሦስቱ ናሙናዎች 7፣ 4 እና 6 ተገኘ እንበል፣ በባዶው ደግሞ 1። ከእያንዳንዱ 1 ሲቀነስ ጠቅላላው 14 ነው፤ አፈሩ 150 ግራም ስለሆነ በኪሎ 93 ይሆናል። ከቁጥሩ አጠገብ «ከ0.3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር፣ በጨው ውሃ» ተብሎ ካልተጻፈ ከሌላ ማሳ ቁጥር ጋር ሊነጻጸር አይችልም።

ቁራጩ ከየት እንደመጣ

ቅርጽና ቀለም ለየብቻ ይመዝገቡ። ነጭ፣ ቀጭን፣ ጠፍጣፋ ሆኖ በቁመቱ እንደ ቃጫ የሚሰነጠቅ ከተገኘ የማዳበሪያ ከረጢት ነው። ስስና ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ ፌስታል ነው፤ በአብዛኛው በንፋስ ወይም በብስባሽ ይመጣል። ጥቁር፣ ከፌስታል ወፈር ያለ የችግኝ ላስቲክ ነው። ቢጫ ወደ መሆን ያደላና የሚሰባበር የግሪን ሃውስ ልባስ ነው። የተለያየ ቀለም ያለው ክር የልብስ እጣቢ ነው። ከአስፋልት ዳር ያለ ጥቁር፣ ሲጫኑት እንደ ጎማ የሚመለስ ከሆነ ከመኪና ጎማ የተፋቀ ነው፤ እሱ በጨው ውሃ ብዙም ስለማይንሳፈፍ ካዩት ከዚያ የበለጠ ታች አለ ማለት ነው።

በሩን መዝጋት

ብስባሽ ከሆነ፦ ፕላስቲኩ የሚለየው ቆሻሻው ከመከተፉ በፊት ነው። ከተከተፈ በኋላ ወንፊት የሚይዘው ትልልቁን ብቻ ነው። ብስባሽ ከመግዛትዎ በፊት 1 ኪሎ ደረቅ ወስደው በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ነፍተው የቀረውን ላስቲክ ለቅመው ይመዝኑ። የጀርመን የማዳበሪያ ደንብ ለስስ ላስቲክ የሚፈቅደው 0.1 ከመቶ ነው፤ በኪሎ 1 ግራም። ጥብቅ ይመስላል፤ ነገር ግን በሄክታር 10 ቶን ብስባሽ ሲበተን 10 ኪሎ ላስቲክ ማለት ነው። ውፍረቱ 0.02 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቢዘረጋ 540 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል። በየዓመቱ ከሆነ ደግሞ አስቡት። ለአትክልት ማሳ ከዚህ ግማሹን እንኳ ባትቀበሉ ይሻላል።

ከረጢት ከሆነ፦ ዩሪያና ኤንፒኤስ ሲከፈት አፉን በቢላ መሸልቀቅ የተለመደ ነው። የተቆረጠው ጠርዝ ያን ጊዜውኑ መተርተር ይጀምራል፣ የተቆረጠው ቁራጭም እዚያው ይጣላል። የአፉ ስፌት የሰንሰለት ስፌት ነው፤ ከትክክለኛው ጫፍ የክሩን ቋጠሮ ፈትተው ሲስቡት አንዴ ሙሉውን ይተረተራል። ከአንዱ ጫፍ እምቢ ካለ ከሌላው ይሞክሩ። ክሩ ኪስ ውስጥ ይግባ። ባዶው ከረጢት ፀሐይ ላይ አይሰንብት፤ ፖሊፕሮፒሊን በወራት ውስጥ ይሟሽሽና ሲያነሱት በእጅ ይፈርሳል። የበሰበሰ ከረጢት አፈር ተሞልቶ ለውሃ መገደቢያ ሲደረግ ማየት የተለመደ ነው፤ ከክረምቱ በኋላ ግን ከረጢቱ የለም፣ ክሩ ማሳው ውስጥ ነው።

ችግኝ ከሆነ፦ ላስቲኩ በምላጭ በጎኑ ተቀድዶ ችግኙ ጉድጓድ ከመግባቱ በፊት ይውጣ። ታቹን ብቻ ቆርጦ መትከል ሥሩንም ያጠማዝዛል፣ ላስቲኩንም መሬት ውስጥ ይተዋል። 500 ችግኝ የወሰደ ቡድን 500 ላስቲክ ቆጥሮ ይመልስ። ቆጠራ የሌለበት ተከላ ላይ ላስቲኩ ተራራው ላይ ይቀራል።

ጉዝጓዝ ከሆነ፦ ገለባ የሚገኝበት ቦታ ላስቲክ አያስፈልግም። ግድ ካለ ውፍረቱን ይጠይቁ። ቻይና ከ0.01 ሚሊ ሜትር የሳሳውን በደረጃዋ የከለከለችው ስስ ላስቲክ ሲነሳ ስለሚበጣጠስ ነው፤ 0.025 የሆነው ሙሉውን ተጠቅልሎ ይነሳል። «ራሱ ይበሰብሳል» የሚል ጽሑፍ ላይ አይተማመኑ። በኦክስጅን የሚፈራርሰው ዓይነት ወደ ደቃቅ ፕላስቲክ ይለወጣል እንጂ አይጠፋም፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ያገደውም ለዚህ ነው። አፈር ውስጥ በእውነት እንደሚበሰብስ የተመሰከረለት ጉዝጓዝ ኢኤን 17033 (EN 17033) የሚል የአውሮፓ ደረጃ ይጻፍበታል።

የመስኖ ውሃ ከሆነ፦ ቦዩ አፍ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ያለው የሽቦ መረብ በ45 ዲግሪ አጋድመው ይግጠሙና በየቀኑ ይጠረግ። ቀጥ ብሎ ከቆመ በአንድ ቀን ይዘጋል፣ ውሃውም በጎን ጥሶ ይወጣል። ክሩን መረብ አይይዘውም። ውሃው ወደ ማሳ ከመግባቱ በፊት ጉድጓድ ውስጥ ሲያድር የተወሰነው ይዘቅጣል፤ ከጉድጓዱ የሚወጣው ደለል ታዲያ ተመልሶ ማሳ ላይ አይበተን።

ፌስታልን በተመለከተ ሕጉም ረድቷል። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠውን ብቻ ነበር የሚከለክለው፤ በ2017 የጸደቀው አዲሱ አዋጅ ግን ክልከላውን በጣም አስፍቶታል። ማሳ ውስጥ ያለው የድሮ ፌስታል ግን በአዋጅ አይወጣም፤ ከእርሻ በኋላ መልቀም ይቀጥላል። የተለቀመውን ማሳ ዳር ማቃጠልም መፍትሔ አይደለም። ጭሱ ይጎዳል፣ በተለይ ፒቪሲ ካለበት፤ ግማሽ የቀለጠው ደግሞ ጠጠር ሆኖ ከአመዱ ጋር ተመልሶ ይታረሳል።

ለቅሚያውና ምዘናው በየዓመቱ በተመሳሳይ ወቅት፣ በተከለለው በዚያው ቦታ ይደገም፤ ለውጥ ቶሎ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። የጨው ውሃው ምርመራ በሦስት ወይም በአራት ዓመት አንዴ ይበቃል፤ ምንጩ ቢዘጋ እንኳ አፈር ውስጥ ያለው ትልቁ ቁራጭ ገና እየደቀቀ ስለሆነ ቁጥሩ ለጥቂት ዓመታት ቢጨምር አያስደንግጥዎት።